ሁለት ሰው ካልቆመለት የማይነደው ማዕድን

"አባዬ እንዳትንቀሳቀስ... ከሄድክ እሳቱ ይጠፋል።"

እንዲህ የሚለኝ ታናሹ ልጄ ነው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ... የቆምኩት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

"ጣቴን ከቁልፉ ላይ ላንሳ ወይስ አላንሳ?"

"አንሳው። ዝም ብለህ ቁም ብቻ።"

"ቤት አያቃጥልም አይደል?"

"ኧረ አባዬ... ጨዋታ እኮ ነው።"

እሱ ይስቃል። እኔ ግን በዘዴ የሶኬቱን ገመድ ዳሰስኩት።

ጨዋታው መሬት ተቆፍሮ፣ ማዕድን ወጥቶ፣ ቤትና ከተማ የሚሠራበት ነው። ልጄ ደግሞ የጨዋታው ባለቤቶች ያላሰቡትን ነገር ሠርቶ ጨመረበት... ተጫዋቾቹ "ሞድ" ይሉታል።

የጨመረው አዲስ የነዳጅ ማዕድን ነው። ሰማያዊ ነው። በእሱ እሳት መዳብና ብረት አብረው ሲቀልጡ፣ በዚያ ዓለም ያልነበረ ቅይጥ ብረት ይወጣል።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጨለማ ዋሻ ውስጥ አለቱን ሲመታው... ንጋት ከድንጋይ ውስጥ የወጣ መሰለኝ።

ግን አንድ አመል አለው።

አጠገቡ ሁለት ሰው ካልቆመለት አይነድም። አንዱ ከራቀ ወዲያው ይጠፋል።

ከየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች ይቆጣሉ። "ይህ ስህተት ነው፣ አስተካክለው" ብለው ይጽፉለታል።

እሱ አያስተካክልም። አይመልስም። ሲሞክረው ሁለተኛ ሰው ካጣ እኔን ይጠራኛል።

አሁን የእኔን ጭንቀት ልንገራችሁ።

ያሉኝ ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው። ታላቁ በያጅ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም።

ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች ቀን ቀን ታናሹ ያስታምማታል፣ ማታ ማታ እኔና ታላቁ እንተካዋለን። ያረፈችው ቀን ላይ ነው። ታላቁ ከሥራ ሮጦ ሲደርስ፣ እናቱ አልፋለች... ወንድሙ ጭን ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል። ጨዋታው ይታያል።

በቀብሯ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እናታችን ስታጣጥር አንተ ትጫወት ነበር" አለው።

ታናሹ ቃል አልተነፈሰም። ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ታላቁ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ታናሹ ክፍሉን ይዘጋል። እኔም ከሁለቱ መሐል ተቀምጬ የሬሳ ሳጥኔ ይታየኛል... አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይዘውት፣ ሳይተያዩ ሲሄዱ።

ከሚቆጡት ተጫዋቾች አንዱ ራሱን "ዝገት" ብሎ የሚጠራ ነው። ይህ ሰው አይለቅም።

"ብቻዬን ነው የምጫወተው። ሁለተኛ ሰው ከየት ልውለድ? ይህን ነገር አንሳው" ብሎ ጻፈ።

ልጄ ለሌላው ያልመለሰውን ለእሱ መለሰ። ጽፎ ሲጨርስ ለእኔም አነበበልኝ።

"አላነሳውም። የእናቴ ሐሳብ ነው። ታማ ሳለች ጭኔ ላይ ላፕቶፑን ይዤ እያሳየኋት ነበር የምሠራው። ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። 'ሁለት ሰው ካልቆመለት እንዳይነድ አድርገው... አንዱ አኩርፎ ሲሄድ ሌላው መጥራት ይልመድ' አለችኝ። ስታርፍም እሳቱን እያሳየኋት ነበር።"

ደነገጥኩ። "ልጄ... ይህን ለምን አልነገርከንም?"

"ማን ጠየቀኝ አባዬ?"

ዝገት ከዚያ ወዲህ ጠፋ።

ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ አጭር መልእክት መጣ። "ወደ እኔ ዓለም ና። አብረኸኝ ቁም።"

ልጄ ገባ። እኔም ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሜዳ ላይ አንድ ቤት ብቻ አለ። ከድንጋይ የተሠራ ትንሽ ቤት።

የኩሽናው በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

ያን በር በስህተት ገልብጠን የገጠምነው እኔና ታላቁ ልጄ ነን። እናታቸው በከፈተችው ቁጥር ትስቅብን ነበር።



"አባዬ... ይሄ የእኛ ቤት ነው።"

ኩሽናው ውስጥ ማዕድኑ የተሞላ ምድጃ አለ። አልነደደም። ዝገት አጠገቡ ቆሟል።

ልጄ ቀስ ብሎ ገባና በወዲያኛው በኩል ቆመ።

እሳቱ ተያያዘ።

ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳውን ወጣ፣ ጣሪያውን ያዘ፣ በተገለበጠው በር አልፎ ሜዳው ላይ ፈሰሰ... ያን ቀለም የመረጠችው የእኔ ሚስት ናት። በእጇ ማውስ ነክታ የማታውቅ ሴት።

ከዚያ ከስፒከሩ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"አንተ... ለእሷ እየሠራህ እንደነበር አላወቅኩም። ይቅር በለኝ።"

ታናሹ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ።

"ጋሼ... ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጫወተው?"

"ካወጣኸው ቀን ጀምሮ። ልሰድብህ ነው የገባሁት።"

"ሰደብከኝ እኮ።"

"ገና መች ጨረስኩ።"

ሳቁ። ሁለቱም... በአንድ ላይ።

እኔ ወንበሬን ድምፅ ሳላሰማ መለስኩና ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሲነጋገሩ ከውጭ ሆኜ እሰማ ነበር። ስለ ምን እንደሚያወሩ አልያዝኩም። ማውራታቸው በቂዬ ነበር።

ውድ የዚህ ገጽ ቤተሰቦች...

ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። የሚጠይቀው አጥቶ ይሆናል። ዓይናችን ያየው እውነት ቢሆን እንኳ ሙሉው እውነት ላይሆን ይችላልና፣ ከመፍረዳችን በፊት እስቲ እንጠይቅ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ... ቀድሞ መናገር የነበረበት ሰው ፊት የወቀሰው ታላቁ ነው ወይስ እውነቱን ይዞ ዝም ያለው ታናሹ? ጻፉልኝ። መነጽሬን አድርጌ ሁሉንም አነባለሁ።