ስድስተኛው ሥዕል

መምህር አስናቀ በላብ የወረዛ ጣቱን የአንዲት ተማሪው ታብሌት ላይ ያንሸራትታል። ተማሪዎቹ ስለ ግጭት የሠሩት ኮሚክ፣ በሥዕል የተተረከ ታሪክ፣ ኖርዌይ ላለ አቻ ትምህርት ቤት የሚላከው ዛሬ ነው።

«ደም ጨምሪበት እንጂ» አላት። «የፈረንጅ ልጆች ካላለቀሱ ምኑን ሳልሽው?»

ጨመረች። «ጭስም» አላት፤ ጭሱንም ጨመረች። የሳለችው የአባቷ አሟሟት ጨው ያነሰው ወጥ መሰለ።

ስድስተኛው ሥዕል ላይ አባቷ እጁን የኋሊት በገመድ ታስሯል። ማን እንደወሰደው ያየ ሰው የለም። ሬሳውን ወንዝ ዳር ያገኙት እሷና እናቷ ብቻቸውን ናቸው።

መምህሩ ሥዕሉን አጉልቶ አየና ከንፈሩን አጣመመ።

«ይሄ አያሳምንም። ገመድ ከየት መጣ? በገዛ ጫማው ክር ነው እንጂ።»

ያን የጫማ ክር ከሬሳው እጅ ላይ በጥርሷ የፈታችው እናቷ ናት። ልጅቷ ገመድ ያደረገችው ክሩን መሳል ቢያቅታት ነው፤ ስለ ክሩ ሁለቱም እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

መምህሩ የታብሌቱን ብዕር ከእጇ ወሰደ። ገመዱን አጠፋና ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ፣ ቋጠሮውን ከአባቷ አውራ ጣቶች ሥር፣ ልክ በነበረበት ቦታ ሳለው።