ስም ያልተጻፈበት ጠመንጃ

አቶ ዘርጋው የጠመንጃን ሠሪ ዳስሼ እለያለሁ ባይ ናቸው። ጎባ ላይ ሙዚየም ሊከፈት ነው ተብሎ ከአዲስ አበባ የተጠሩትም ለዚሁ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስምም ቁጥርም የሌለው የአደን ጠመንጃ ተጋድሟል። ያመጡት አሮጊት፣ ወይዘሮ ሙሉሸዋ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል።

"ሟች ባለቤቴ ያድንበት ነበር። ማን እንደሠራው ይጻፍልኝ" አሉ።

"ብረቱ ከየትም ይገዛል እማማ፤ ሠሪውን የሚያጋልጠው ሰደፉ ነው።" አቶ ዘርጋው አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ቀዩን እንጨት ዳሰሱ፣ አሸተቱ፤ የዓሣ እሾህ የመሰለውን ቅርጽ በጥፍራቸው ተከተሉ። "ይህ የቪየና እጅ ነው! እንጨቱም እኛ አገር አይበቅልም።"

"እንዲህ ያምራል እንዴ?"

"ያምራል ብቻ! እንዲህ ያለ ጠራቢ በመቶ ዓመት አንዴ ቢወለድ ነው።"

"ይቺንም ቃል ይጻፉልኝ።"

ጻፉ፤ ፈረሙም። ወይዘሮ ሙሉሸዋ ይኼን ጊዜ ከጸጉራቸው ላይ የእንጨት ሚዷቸውን መዘዙና ከሰደፉ ጎን አስቀመጡት። ቅላቱም፣ የዓሣ እሾሁም አንድ ነው።

"ኮሶ ነው" አሉ። "አበባውን በልጅነትዎ ሳይግቱዎት አልቀሩም።"

አቶ ዘርጋው ሚዶውን አንስተው ከሰደፉ ጋር አስተያዩት። "ታዲያ... ባለቤትዎ ኖረዋል ጠራቢው?"

"እሱማ ሚስማር መምታት እንኳ አይሆንለትም ነበር። ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ነው ስሜን ሳልቀርጽበት የተውኩት።" ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉት። "በመቶ ዓመት አንዴ የሚለውን አይንኩብኝ። ቪየና የሚለውን ብቻ ሰርዘው ሙሉሸዋ ይበሉልኝ።"