የወለተ ሰንበት መቀነት

የሞተሩን የዘይት ክዳን ፈትቼ፣ "አስነሣው" እለዋለሁ። የአምቡላንሱ ሾፌር ደርቤ ቁልፉን ሲያዞር ከክዳኑ አፍ ጭስ ቡፍ ቡፍ እያለ ፊቴን ይመታኛል። ክዳኑን ሳላጠብቅ ከላይ ባስቀምጠው እንደሚፈላ ድስት ክዳን ይዘላል። ከኋላ በማርሚታው የሚወጣው ጭስ ደግሞ ሰማያዊ ነው።

"አጥፋው።"

ከአምቡላንሱ ወርዶ እጁን በሱሪው ይጠርጋል። "የሚያንጠባጥብበትን አገኙት ጋሽ መንግሥቴ?"

"ከሥሩ ደረቅ ነው። ዘይቱን አያፈሰውም፤ ይጠጣዋል።"

ፊቱ ይጠወልጋል። ከደሃና ሰቆጣ ድረስ የመጣው ሌላ መልስ ፈልጎ ነው። የሚፈስ ቢሆን ጠበቅ ጠበቅ አድርጌ እሸኘው ነበር። የሚጠጣ ከሆነ ግን ሞተሩ ይከፈታል፤ ከተከፈተ ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ስንት ወር እንደሚቆም እግዜር ይወቀው። እሱ ከቆመ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ቀበሌ እናቶች የሚቀራቸው ቃሬዛ ነው። ሚስቴ የደሃና ሴት ናት፤ ቃሬዛ ምን እንደሆነ ነግራኛለች።

ግን ፒስተኑን አቅፎ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የብረት ፋሻ እንዲህ ባጭር ጊዜ አይበላም። አቧራ ገብቶበታል። የአየር ማጣሪያውን እከፍታለሁ፤ ንጹሕ ነው። ደርቤ መኪናውን የሚጠብቅ ሾፌር ነው፣ አይታማም። ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የጎማ ቱቦ ላይ እጄን ስሰድ መሐል ላይ ጨርቅ ይነካኛል። በስልኬ መብራት አየዋለሁ። የሴት መቀነት ነው፤ ጥለቱ በቅባት ጠቁሮ፣ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ ተቋጥሯል። ከሥሩ ያስገባሁት ጣቴ አፈር ይዞ ይወጣል፣ እንደ በርበሬ የላመ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"እሱን አይንኩብኝ።"

"እንዴት አልነካው? ሞተርህን የበላው እኮ እሱ ነው።"

መሬት መሬት እያየ ይነግረኛል። በበጋው ምጥ የያዛት ወለተ ሰንበት የምትባል እናት ጭኖ ሲመጣ ዳገቱ ላይ ቱቦው ተሰነጠቀ። ማሰሪያ ሲፈልግ አይታ መቀነቷን ራሷ ፈትታ፣ "እንካ፣ በዚህ እሰረው" አለችው። ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

"ከዚያ ወዲህ" ይላል፣ "መኪናዬ ላይ አንዲት እናት አልሞተችም። በፊት ግን መንገድ ላይ የሞቱብኝ አሉ። ሬሳቸውን ይዤ ስመለስ ዘመዶቻቸው እንዴት እንደሚያዩኝ እርስዎ አያውቁም።"

አሳዘነኝም፣ አናደደኝም። "ሸማ አቧራ አያግድም አንተ ልጅ! ለአንድ ቀን መንገድ ብላ የሰጠችህን ይህን ሁሉ ወር አስረህ ትዞራለህ? ሳይቃጠል በቅጠል አይደል የሚባለው?" እለዋለሁ። እሱ ግን አይሰማኝም፤ ክንዱን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ እንደሚከላከል ሰው ቆሟል። ስለ ፋሻ ብነግረው፣ ስለ አፈር ብነግረው ወይ ፍንክች።

በሌላ በኩል እመጣበታለሁ።

"እናቴ አዋላጅ ነበረች። ምጥ ያለበት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር መሰለህ? ቋጠሮ የተባለ ሁሉ ታስፈታለች። የባልየውን ዝናር፣ ደጅ ያለውን የአህያ ጭነት ሳይቀር። ለምጥ መቀነት ይፈታል እንጂ ይቋጠራል እንዴ? አንተ ይኸው እናቶችን ከነቋጠሮው ጭነህ ትሮጣለህ።"

እንዲፈታልኝ ብዬ ነው እንጂ እኔ በዚህ ነገር እናቴን ስስቅባት ነው ያደግሁት። ደርቤ ግን ክው ይላል። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን በጥፍሩ ይጀምራል፤ እምቢ ሲለው በጥርሱ ይፈታዋል።

ግቢዬ ውስጥ ከቆመች አሮጌ ፒካፕ ቱቦ አውጥቼ እገጥምለታለሁ። "ከእንግዲህ አቧራ አይገባም። የተበላው ግን አይመለስም። መኪናው ይቆማል ደርቤ።"

"እሺ" ይላል። እሺ ከማለቱ ስልኩ ይጮኻል።

በኽምጣና፣ በአገራቸው አገውኛ ነው የሚያወራው። ሁሉን አልሰማም፤ ማርያም ስትጠራ ግን እሰማለሁ። ስልኩን ዘግቶ፣ "ከደሃና ነው" ይላል። "ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። አሁን ደም መጥቷል።"

"ሌላው አምቡላንስስ?"

"ወደ ጽጽቃ ሄዷል።"

ቁልፉን ጨብጦ ዓይን ዓይኔን ብቻ ያየኛል። ባዶውን ዳገቱን ይወጣው ይሆናል። ሴትዮዋን ጭኖ ሲመለስ ግን ዘይቱ ካለቀበት ሞተሩ ግሎ ተጣብቆ ገደል አፋፍ ላይ ይቀራል፤ ያኔ ቃሬዛም የለ፣ ሰውም የለ። እሱን ቅር ብለው እዚያው ትሞታለች። ሂድ ብለው መንገድ ላይ ትሞት ይሆናል፣ በኔ ቃል። ፈራሁ።

"ሂድ" እለዋለሁ። ያለኝን ዘይት ከነጀሪካኑ ከኋላ እጭንለታለሁ። "ሞተሩን አታስጩኸው። በየመንገዱ እየቆምክ ዘይቱን ለካ፤ ከጎደለ ጨምር።"

መቀነቱን አጣጥፎ በሁለት እጁ ይሰጠኛል። "እርስዎ ዘንድ ይቆይ። እንዳይቋጥሩት ብቻ።"

አምቡላንሱ ይወጣል። ሰማያዊው ጭስ መንገዱ ላይ ይቆያል፤ ድምፁ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ መቀነቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ጋራዡ እገባለሁ። ሸራውን የወጠረውን ገመድ እፈታለሁ። ጎማዎቹን ያሰርኩበትን እፈታለሁ። የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ዞር ብዬ አይና፣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታለሁ።