ለሀምዛ የተቀዳ ድምፅ

«ጀምሪ እማ፣ እየቀዳ ነው» አለች ሂክማ።

ሃቢባ ሻሿን አስተካክላ ኮምፒውተሩ ፊት ወዳለው ማይክ ጎንበስ አለች። «እኔ እናትህ ወይዘሮ ሃቢባ ነኝ» አለች በአማርኛ፣ ቀበሌ ቀርባ ጉዳይ እንደምታስረዳ ሰው። «እንደምን ሰነበትክ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።»

ሂክማ አቆመችው። «እማ፣ ሀምዛ እኮ ነው። በሀዲይኛ አውሪው።»

«ማሽኑ ሀዲይኛ ይገባዋል?»

«ማሽኑን ተይው። ለሱ ይግባው።»

ሀምዛ ትናንት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ በሚሠራበት ሱቅ፣ ዘራፊዎች በጥይት መትተውት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቷል። አብሮት የሚሠራው ጁነዲን ጠዋት ደውሎ ነው የነገራቸው። ዛሬ ከሰዓት ኦፕሬሽን ይገባል። ሐኪሙ ከኦፕሬሽኑ ይነሳል ብሎ አፉን ሞልቶ አልተናገረም። የተኛበት ክፍል ውስጥ መደወል ክልክል ነው፤ ነርሷ ግን፣ ምናልባት ይሰማ ይሆናል ብላ፣ የእናቱን ድምፅ ቀድተው ከላኩ በጆሮው እንዲያሰሙት ፈቅዳለች። በስልክ ቀድተው ሞከሩ። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ነበር የሚሰማው። የቀረው ሂክማ ቤት ውስጥ የምትማርበት፣ ድምፅ ከቅርብ የሚይዝ ማይክ ያለው ኮምፒውተር ነው።

ሃቢባ እንደገና ጀመረች፤ አሁን በሀዲይኛ። ቀስ በቀስ ወሬው መጣላት። ቀይዋ ላም ጥጃ እንደወለደች፣ ጥጃዋ የሱን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነች ነገረችው። ያቺ እሱ ያስቀየማት ልጅ እስካሁን አለማግባቷንም ነገረችው። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ ድምፅዋ ግን እንደ ድሮው ነበር፣ ቆጣ ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው። ሂክማ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። ይሄን ከሰማማ ይነሳል አለች በልቧ።

መብራት ጠፋ።

ሂክማ ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች።

«ምነው? ሄደለት?»

«አልሄደም እማ። ጠፋ።»

«የቱ ነው የጠፋው?»

«ሁሉም።»

መብራቱ ሲመለስ ዝናቡም አባርቶ ነበር። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ሂክማ ከንፈሯን እየነከሰች ጠበቀች። ከጁነዲን መልእክት ገባ፦ «ሊወስዱት እያዘጋጁት ነው። ቶሎ ላኪ።»

«በይ እማ፣ ያንኑ ድገሚው።»

«አላስታውሰውም።»

«ስለ ላሟ። ስለ ጥጃዋ።»

«ላሟ ወለደች» አለች ሃቢባ። ቀጣዩ ግን አልመጣላትም። «ነግሬው ነበር እኮ» አለች ወደ ልጇ ዞራ። «ሁሉንም ነግሬው ነበር። ከየት ላምጣው?»

«የፈለግሽውን በይ። ስሙን ብቻ ጥሪ።»

ሃቢባ ብድግ አለች። ሁለት እጆቿን አፏ ዳር አድርጋ፣ ልጅ ሳለ ከእንሰቱ ማዶ ኳስ ሲጫወት ትጠራው በነበረው ድምፅ ተጣራች።

«ሀምዛ! ሀምዛ ና! አተካናው ሳይበርድ ና ብላ! ሀምዛ!»

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ደጋግማ ጠራችው፤ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጠራችው። ሂክማ አላስቆመቻትም።

ከአጥሩ ማዶ ሰው ሲሮጥ ተሰማ። ጎረቤታቸው ነፊሳ፣ ገና ምንም ያልሰማችው፣ እጇ በቆጮ ሊጥ እንደተለወሰ በሩን ገፍታ ገባች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ሀምዛ መጣ እንዴ?»

ሃቢባ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች።

«ሰማህ?» አለች በተሰበረ ድምፅ። «ነፊሳ እንኳ ሰማችኝ። ከቤቷ ሆና ሰማችኝ።»

ከዚያ ራሷን አዘንብላ ጆሮዋን ወደ ማይኩ አስጠጋች። ሂክማ ቀረጻውን ልታቆም ጣቷን ማውሱ ላይ አሳርፋ፣ ሳትጫነው ቆየች።