ለሽማግሌዎቹ የተሰጠ መልስ

አንዲት ስደተኛ መበለት ለጋብቻ ሊጠይቁ ከአምስተርዳም የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው በዴልፍስሃቨን ሰፈር ባለው ጠባብ ሳሎኗ ውስጥ ቆመዋል። በዚህ አገር አባትም ወንድምም ስላልነበራት፣ ትልቁ ሽማግሌ አባቷን በቀይ ሽብር ወደተነጠቀችው ተማሪ ልጇ ዞሩ። «እንግዲህ እሜቴ፣ እናትሽን ለልጃችን ትሰጪናለሽ?»

ልጅቷ የታሪክ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እንግሊዝ አገር ሜሪ የምትባል ንግሥት ነበረች። የውጭ አገር ልዑል አገባለሁ ስትል ሕዝቡ ተነሳባት። አሸነፈቻቸውና አገባችው። እሱ ግን ጥሏት ባሕር ተሻግሮ ሄደ።» ሽማግሌውን ቀና ብላ አየች። «እኔም እምቢ ብያለሁ። ሰውየው እዚህ ከገባ እኔ እወጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። «ይቺ ናት ልጅ! በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ታውቃለች! ወጋችን አልጠፋም!» አሉ ትልቁ። «በሚቀጥለው እሑድ እንመለሳለን፤ ያኔ ትሰጪናለሽ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት እናቷን አየች። እናትየው መጽሐፉን የጨበጡት ትንንሽ ጣቶች ደም አጥተው ሲነጡ ተመለከተች። የልጅቷ እምቢታ የወግ እንዳልሆነ የገባት እሷ ብቻ ነበረች፤ ለሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ አብራቸው ሳቀች።