ከሺህ ወዲያ

«አይሻ ግንባር የነበሩት ሁሉ ተርፈዋል አሉ» ትላት ነበር ልጅቷን ጎረቤቷ ኬሪያ፣ ውኃ ልትቀዳ በመጣች ቁጥር። የዚያን ዕለት ጠዋትም ይህንኑ ደግማ ሳትጨርስ፣ አንድ ወታደር ጅጅጋ ያለውን የግቢያቸውን በር አንኳኳና ወደዚያ የዘመተውን፣ ይወዳት የነበረውን የሂሳብ መምህር የእጅ ሰዓት ለልጅቷ ዘረጋላት። ከአይሻ የተመለሰው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሰዓቱን ጨብጣ፣ «ማን ዝመት አለው?» አለች፣ እንደ ልማዷ በቁጣ።

«አንቺ ነሽ፣ እህቴ» አለ ወታደሩ፣ የመምህሩ የምሽግ ጓደኛ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «1,022,117ን የሚከፍል ቁጥር ካገኘሽ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎሽ አልነበር? አይከፈልም አልሽው። እሱ ግን ሁለት ቁጥር አባዝቶ የሠራው ነው። እንደሚከፈል እያወቀ አይከፈልም ስትዪው፣ አልፈልግህም ያልሽው መሰለው። በማግስቱ ለዘመቻ ተመዘገበ።»

ማንም ሳያስተምራት ሂሳብ ያወቀች ልጅ ነበረች፤ አቃተኝ ከማለት ሞቷን ትመርጥ ነበር። ከሰባት ጀምራ እስከ 997 ሞክራ ሺህ አፋፍ ላይ አቁማ ነበር፤ ሚሊዮን ሺህ ጊዜ ሺህ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ መድከሙ ከንቱ መስሏት። ቁጥሩ ግን ሚሊዮንን ትንሽ ያልፍ ነበር።

ከሰል አነሳችና፣ ከሺህ በላይ ከአንድና ከራሱ በቀር ከፋይ የሌለውን የመጀመሪያውን ቁጥር፣ 1,009ን፣ ግድግዳው ላይ ጻፈች።

«ተይው እናቴ፣ ምን ያደርግልሻል» አለች ኬሪያ ክንዷን ይዛ።

እሷ ግን አካፈለች። 1,013 ጊዜ ደረሰ፤ ምንም ሳይተርፍ።