የጥሩነህ ክርን

ኮልፌ ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊው እንደ ጥሩነህ ያለ ጠማማ ክርን ታይቶ አይታወቅም። እሱ ወደ መርካቶ ሲሄድ ክንዱ ወደ አስኮ ይሄድ ነበር።

ያጣመመው ጎረቤቱ ሀምዱ ነው። ይህን የማያውቅ ውሻ እንኳ በሰፈሩ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጆች ሳሉ የባላምባራስ ሀብተሥላሴን ኮክ ሊሰርቁ ዛፍ ላይ ወጡ፤ ጥሩነህ ጫፉ ላይ፣ ሀምዱ ከሥሩ። ጥሩነህ ወደቀ። "ማን ጣለህ?" ሲሉት "ሀምዱ ገፍቶኝ" አለ። ሀምዱ መጀመሪያ ካደ፤ በርበሬ ሲታጠን ግን አመነ፤ እያደርም ከልቡ ተቀበለው። ወጌሻው ክርኑን አሽቶ በቀርከሃ አሰረው። ሲፈታ ጠሞ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሀምዱ ካሰ። ለጥሩነህ ውኃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ አጥር አጠረ። ቢፈቀድለት ኖሮ ያስነጥስለትም ነበር።

"ኧረ ተው ሀምዱ፣ በቃህ!" ይላል ጥሩነህ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

"ዝም በል ወንድሜ! እጅህን የበላሁት እኔ አይደለሁ?"

የሀምዱ ሚስት ጫልቱ ደግሞ፣ "ቆይ፣ የኔ ባል ነህ ወይስ የጥሩነህ ቀኝ እጅ?" ትለዋለች።

ዘንድሮ የጥሩነህ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ደነዘዙ። ቆይተው እንደ ጭልፊት ጥፍር ታጠፉ። መርፌው ከእጁ እየሾለከ ሲያስቸግረው ሀምዱ ጎትቶ ሆስፒታል ወሰደው።

ሐኪሙ ክርኑን መታ መታ አደረገ። "የልጅነት ስብራት ነው። ጠሞ ስለገጠመ ነርቩን ሲስበው፣ ሲስበው ኖሮ ገደለው። ይህ እጅ ከእንግዲህ አይሰፋም።"

"ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ?" አለ ሀምዱ።

"አጥንት ቂመኛ ነው።"

ሲመለሱ ጥሩነህ አለቀሰ። አምስት ልጆች የሚበሉት በዚያች መርፌ ነው። ሀምዱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ከጓሮው የወፍጮ መጅ የሚያክል ድንጋይ መርጦ፣ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ደንብ ጫንቃው ላይ ጫነ።

"ያለ ሽማግሌ?" አለች ጫልቱ።

"ምን ሽማግሌ ያሻዋል? ይቅር ብዬሃለሁ ካላለኝ አላወርደውም። እዚያው ደጁ ላይ እደርቃለሁ!"

ሊወጣ አጎንብሶ የራሱን አጥር በር ገፋ።

ደጁ ላይ ጥሩነህ ተንበርክኮ ነበር፤ በጫንቃው የተሸከመው ድንጋይ የሀምዱን እጥፍ ያክላል። "ያኔ አልገፋኸኝም፤ ራሴው ነኝ የወደቅሁት" አለ።